ፊደል፣ ጠመኔ፣ ካርታ፦ የልጅ መኝታ ክፍል ግድግዳን ለትምህርት ማሰናዳት

የልጆች መኝታ ክፍል ብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነው። አንድ የፊደል ገበታ፣ አንድ የእንስሳት ፖስተር፣ አንድ የኤቢሲዲ ፖስተር። ሦስቱም ከአዋቂ ራስ በላይ በሚስማር ተመትተዋል። ልጁ አንጋጦ አያያቸውም። ወላጁም ከሰቀላቸው ቀን ወዲህ ልብ ብሎ አላያቸውም። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ፖስተሮች የሚጠቅሙት እንግዳ ሲመጣ ነው።

ይህ መመሪያ በተለይ ከ3 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ግድግዳው ላይ የሚወጣው ነገር ጥቂት ይሁን፣ በልጁ ዓይን ልክ ይሁን፣ ልጁም በእጁ የሚያነሳውና የሚያስቀምጠው ይሁን። ለብቻው ክፍል የሌለው ልጅም አይቀርበትም። አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ባዶ ግድግዳ ከተገኘ ሳሎን ጥግም ይሆናል፣ ከእናቱ አልጋ አጠገብም ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ሜትር ይዛችሁ ተንበርከኩ

ልጁን ግድግዳው ሥር አቁሙትና የዓይኑን ከፍታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። የ4 ዓመት ልጅ ቁመት በአማካይ 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዓይኑ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ነው ማለት ነው። የ6 ዓመት ልጅ ደግሞ 1 ሜትር ከ15 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከወለሉ ከ50 እስከ 120 ሳንቲ ሜትር ያለውን ቦታ ለልጁ ተዉለት። ከዚያ በላይ ያለው የእናንተ ነው፤ የቤተሰብ ፎቶም፣ መጋረጃም፣ የፈለጋችሁትን አድርጉበት።

አሁን ተንበርከኩና ክፍሉን ከዚያ ሆናችሁ እዩት። አልጋው የሚጋርደው የትኛውን ግድግዳ ነው? በሩ ሲከፈት የሚሸፈነውስ? የመስኮት ብርሃን በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ላሚኔት ለተደረገ ነገር አይሆንም፤ ያንጸባርቅና አይነበብም።

እርጥበቱንም አትርሱ። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ፣ ወይም በክረምት ዝናብ የሚያሰርግ የውጭ ግድግዳ ወረቀቱን በአንድ ወር ያሻግተዋል። እንዲህ ያለውን ባዶውን ተዉት፣ የተሰቀለ ነገር ሻጋታውን ይደብቅባችኋል። ሶኬት ያለበትን አካባቢም እለፉት። ከአልጋው ራስጌ በላይ ደግሞ ከወረቀት የከበደ ነገር አይሰቀልም።

ደረጃ 2፦ ግድግዳውን ሳይሆን ሰሌዳውን ሥሩ

ተከራይ የሆነ ሰው ይገባዋል። ሚስማር ሲመታ አከራይ ከግቢው ማዶ ይሰማል። ፕላስተር ብትለጥፉ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይመጣል። በዱቄት የተሠራ ኮላ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሞክሩት፤ በረሮና አይጥ ይጠራል።

የኔ ምርጫ ኮምፖርሳቶ ነው፤ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀበት ሰፊ ጣውላ። አንዱ ኮምፖርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። መሃል ለመሃል ሲቆረጥ 122 በ122 የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ይወጣሉ። አንዱ ለአንድ ልጅ ይበቃል፣ ሌላውን ለጎረቤት አካፍሉና ወጪውን ተጋሩት። እዚያው የገዛችሁበት አስቆርጡት፤ በእጅ መጋዝ ቀጥ አይልም። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ ርካሽ ቢሆንም ይጣመማል፤ ከወሰዳችሁት ከኋላው ሞራሌ (ደጋፊ እንጨት) አስመቱበት። ባለ 9 ሚሊ ሜትሩ ያለ ሞራሌም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እሹት፤ ስንጥር የልጅ እጅ ውስጥ ከገባ ሰሌዳው ያኔ ይጠላል።

አሰቃቀሉ እንደ ቤቱ ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍልፋይ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ሚስማር ስትመቱበት ልስኑ ይፈረፈራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሚስማሩም ይወዛወዛል። በድሪል ብሱት፣ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዝ የፕላስቲክ ውታፍ) አስገቡበት፣ በብሎን እሰሩት። በአራቱ ማዕዘን አራት ብሎን ይበቃል። ቤቱ የጭቃ ከሆነ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ ቋሚ እንጨቱን ፈልጉና እሱ ላይ ምቱ። ቤት ስትለቁ ሰሌዳው አብሯችሁ ይሄዳል፤ ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ይደፈናሉ።

ደረጃ 3፦ ቀለም

ለሰሌዳውም ለግድግዳውም ውሃ ቀለም ተጠቀሙ። ዘይት ቀለም ሽታው ብዙ ቀን አይለቅም፣ ልጅ የሚተኛበት ክፍል ደግሞ ነው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኘው ሊድ (መርዛማ ብረት ነው) ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ ወስናለች፤ ስትገዙ ከሊድ ነፃ የሚል የተጻፈበትን ምረጡ። ቤቱ የቆየ ሆኖ አሮጌ ዘይት ቀለም እየተላጠ ከሆነ በደረቁ አትፈግፍጉት። አደገኛው አቧራው ነው፤ ሊድ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። በውሃ እያረጠባችሁ አንሱት፣ ልጁን ደግሞ ያን ቀን አያቱ ጋ ላኩት።

ቀለሙ አንድና ለስለስ ያለ ይሁን። አራት ግድግዳ በአራት ደማቅ ቀለም ቀብቶ ያስዋበ ሰው ክፍሉን እንጂ ትምህርቱን አላሰበም። ደማቁን ቀለም ለካርዶቹ አቆዩት። ሁለት እጅ ቀቡና መሽቶ እስኪነጋ መስኮት ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት።

ደረጃ 4፦ የሚነሳ የሚቀመጥ ፊደል

እዚህ ጋ ረጋ እንበል፣ ዋናው ሥራ ይህ ነው።

የፊደል ገበታ ገዝቶ መስቀል ቀላል ነው። ችግሩ ብዛቱ ነው። 33 ፊደላት ሰባት ሰባት ሆነው ሲወርዱ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለ4 ዓመት ልጅ ይህ ጉንዳን የወረረው ወረቀት ነው። በዚያ ላይ ልጆች ፊደልን በዜማ ይይዙታል። ከሀ እስከ ፐ አንዴም ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ "ሄ"ን ለብቻዋ ብትጠቁሙት "ሀ ሁ ሂ ሃ..." ብሎ ከላይ ካልጀመረ አይነግራችሁም። የኔታዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። ሀሁ ያለቀለትን ተማሪ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ቅደም ተከተሉ ሲሰበር ፊደሉን በመልኩ የሚያውቀውና በዜማ የሸመደደው ይለያል።

እኛም ሰሌዳው ላይ ያንኑ እናድርግ። ከጫማ ወይም ከብስኩት ካርቶን 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ካርዶች ቁረጡ። ነጭ ወረቀት ለጥፉባቸውና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል በወፍራም ጥቁር ማርከር ጻፉ። የፊደሉ ቁመት 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ፊደሉ ሁልጊዜ ጥቁር ይሁን፤ የካርዱን ጠርዝ ግን እንደ ደረጃው ቀለም ቀቡት። ግዕዝ ነጭ፣ ካዕብ ቢጫ፣ ሣልስ አረንጓዴ እያላችሁ እስከ ሳብዕ ሂዱ። ልጁ "ቢጫዎቹ ሁሉ ኡ ኡ ይላሉ" ብሎ ራሱ የሚደርስበት ቀን ይመጣል። ቀድማችሁ አትንገሩት።

ካርዶቹ የሚቀመጡበት ሁለት ዓይነት አለ። ቀላሉ ቀጭን ጣውላ ሰሌዳው ላይ አግድም መትቶ፣ ካርዱ እንዳይንሸራተት ከፊቱ ትንሽ ከንፈር ማድረግ ነው። ሦስት ረድፍ ይበቃል። ሁለተኛው ላሜራ መለጠፍና ካርዶቹን በማግኔት ማያያዝ ነው። ላሜራ ልትገዙ ስትሄዱ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ፣ አልሙኒየም ከሆነ አይስብም። ጠርዙ ስለት ስለሆነ እዚያው አሳጥፉት። ማግኔቱ ጠፍጣፋና ትልቅ ይሁን፣ ካርዱ ጀርባ ላይም በደንብ ይጣበቅ። ትንንሽ ማግኔት ልጅ ከዋጠ፣ በተለይ ሁለት ከሆኑ፣ ሆድ ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው አንጀት ይጎዳሉ። ቤት ውስጥ ሁሉን ነገር አፉ የሚከት ሕፃን ካለ ማግኔቱን ተዉትና ጣውላው ላይ ቁሙ።

በምን እንጀምር? በልጁ ስም። ሰላም የምትባል ልጅ ካለች ሰ፣ ላ እና ም ይውጡ። ሦስቱም ከተለያየ ደረጃ ናቸው፣ ግን ስሟ ስለሆነ ትይዛቸዋለች። ከዚያ "እማ" እና "አባ" ይጨመሩ። እነዚህ ሲለመዱ ወደ ረድፍ እንሄዳለን፤ የምንጀምረውም ለውጡ በግልጽ ከሚታይባቸው ነው። "በ"ን ውሰዱ። ቡ በቀኝ በኩል ወገቡ ላይ ቅጥያ ያወጣል። ቢ ቅጥያውን ወደ እግሩ ጫፍ ያወርደዋል። ባ ግራ እግሩ ያጥራል። ቤ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። ብ ግራ ጎኑ ሰበር ይላል። ቦ ደግሞ የባ ተቃራኒ ነው፣ ቀኝ እግሩ ያጥራል። "ለ" እና "ሰ" ፊደላትም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ልጁ በጣቱ ይከተላቸው። ረ እና ፈ ከዚህ ሕግ ስለሚያፈነግጡ ለኋላ ይቆዩ። ድምፃቸው አንድ ከሆነው ከሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ከሰ እና ሠ፣ ከአ እና ዐ፣ ከጸ እና ፀ ለጊዜው አንድ አንዱን ብቻ አውጡ።

በአንድ ጊዜ ከሁለት ረድፍ በላይ ሰሌዳው ላይ አይኑር፤ የቀረው ካርድ ሳጥን ውስጥ ይቆይ። ማታ ከመተኛት በፊት አምስት ደቂቃ ትበቃለች። አንድ ካርድ ደብቁና "ማን ጠፋ?" በሉት። ሁለቱን አቀያይሩና ስህተቱን ይፈልግ። በሌላ ቀን እሱ ይደብቅ፣ እናንተ ፈልጉ፤ ልጆች ይህችኛዋን ነው የሚወዱት። ሲበረታ አቡጊዳውን ደርድሩለት።

ቁጥሮችንም በዚሁ መንገድ ሥሩ፤ ከ0 እስከ 10 በአንድ ረድፍ፣ ከሥሩ ከ፩ እስከ ፲። ልጁ ከ0 ሥር ባዶ መሆኑን ሲያይ ይጠይቃችኋል። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ መልሱ ይኸው ነው።

ደረጃ 5፦ የሚጻፍበት ቦታ

ልጅ ግድግዳ ላይ ይጽፋል። ይህን ክርክር አንድ ቀን አሸንፎ የሚያውቅ ወላጅ የለም፤ ስለዚህ የሚፈቀድለት ቦታ ስጡት። የሰሌዳው ግማሽ ወይም ሁለተኛው ሰሌዳ ጥቁር ሰሌዳ ይሁን። የሦስት ዓመት ልጅ መሬት ተቀምጦ ስለሚጽፍ ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ብዙ አይራቅ።

የሰሌዳ ቀለም ካጣችሁ ቤት ውስጥ ይሠራል። በአንድ ኩባያ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ቀለም ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ግራውት፣ የሴራሚክ ክፍተት የሚሞላበትን አሸዋ የሌለበት ዱቄት ማለቴ ነው፣ ጨምራችሁ ጓጉሎ እንዳይቀር በደንብ አማስሉ። ዱቄቱን ስትጨምሩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ቶሎ ስለሚጠጥር ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ በጥብጡ። በሮለር ሁለት እጅ ቀቡ፣ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሳልፉበት።

የሚቀጥለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጠመኔውን አጋድማችሁ ሰሌዳውን በሙሉ ነጭ አድርጉትና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ይህ ካልተደረገ ልጁ መጀመሪያ የሳለው ስዕል ተጠርጎም አይጠፋም። አስም ያለበት ልጅ ካለ ጠመኔው ይቅርና በነጭ ሰሌዳ ይተካ።

ደረጃ 6፦ ቀንና ሰዓት

የኛ ዘመን አቆጣጠር ለግድግዳ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ስለሆኑ አንድ ሰንጠረዥ ለሁሉም ይሠራል። ስድስት ወደ ጎን፣ አምስት ወደ ታች፣ በድምሩ 30 ኪስ ከወፍራም ወረቀት ለጥፉ። ወሩ ሲያልቅ የሚቀየረው የወሩ ስም ብቻ ነው። ጳጉሜ ስትመጣ አንዷ ረድፍ ብቻ ትበቃታለች፤ 5 ቀን ከሆነች አንድ ኪስ ይተርፋል፣ በአራት ዓመት አንዴ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 ስትሆን ደግሞ ልክክ ትላለች። የሰኞ ማክሰኞው ካርድ ለብቻው ከጎን ይሰቀል፣ በሰባት ስለሚዞር ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር አይገጥምም። ጠዋት ጠዋት ቀኑን የሚያዞረው ልጁ ነው።

አጠገቡ እውነተኛ የግድግዳ ሰዓት በልጁ ዓይን ልክ ስቀሉ። በኛ አቆጣጠር ሙሉት። ስልኩ 7፡00 ሲል ግድግዳው 1፡00 ማለቱ ለትልቁ ልጅ ጥሩ የስድስት መደመርና መቀነስ መልመጃ ነው። ለትንሹ አሁን አታንሱበት።

ደረጃ 7፦ ካርታ

ካርታ ከመግዛታችሁ በፊት ክልሎቹን ቁጠሩ። መንገድ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ዘጠኝ ክልል ያለባቸው የድሮ ካርታዎች ናቸው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ዓ.ም፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም ሲጨመሩ፣ የድሮው የደቡብ ክልል ደግሞ ሲቀር፣ ክልሎቹ 12 ሆነዋል፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ በከተማ አስተዳደርነታቸው እንዳሉ ናቸው።

ዝም ብሎ የተሰቀለ ካርታ ማንንም አያስተምርም። ክር ይኑረው። ልጁ ያለበትን ከተማና አያቶቹ ያሉበትን አገር ቤት በወፍራም ባለቀለም ክር አገናኙና ሁለቱንም ጫፍ በኮላ ለጥፉ፤ ስፒል አትጠቀሙ። ለበዓል ስትሄዱ የምታልፉባቸውን ከተሞች አብራችሁ ምልክት አድርጉ። አጎት ዱባይ ካለ የዓለም ካርታም ይፈለጋል፣ አለዚያ ይቅር። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የአገር ካርታ ገና ነው። ለእሱ የሚገባው የክፍሉ ካርታ ነው፤ አልጋው፣ በሩ፣ መስኮቱ ከላይ ሲታዩ። አንድ ላይ ሳሉትና ቀጥሎ ወደ ሱቅ የሚወስደውን መንገድ ጨምሩበት።

ደረጃ 8፦ መጽሐፍና የልጁ ሥራ

የመጽሐፍ ጀርባ ለማያነብ ልጅ ምኑም አይደለም፤ ሽፋኑ ፊት ለፊት ይታየው። ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ከንፈር አድርጋችሁ ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ እሰሩ። አራት አምስት መጽሐፍ ብቻ ይደርደር።

ከዚያ በላይ ሲባጎ ወጥራችሁ የልብስ መቆንጠጫ ስቀሉበት። የልጁ ስዕልና ጽሑፍ የሚወጣው እዚያ ነው። ሲባጎው ግራና ቀኝ ጥብቅ ይበል፣ የሚንጠለጠል ትርፍ አይኑረው፣ ከአልጋም ይራቅ። የሚሰቀለውን ልጁ ይምረጥ። እናንተ የምትወዱት ቆንጆውን አበባ ነው፣ እሱ ግን ዝብርቅርቁን ይመርጣል። ይመርጥ።

ደረጃ 9፦ አውርዱ

በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 24 የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሁለት ዓይነት ክፍል አስተምረው ነበር፤ አንዴ ግድግዳው በፖስተር በተሞላ፣ አንዴ ባዶ በሆነ። በተሞላው ክፍል ልጆቹ 38.6 በመቶውን ጊዜ ሐሳባቸው ከትምህርቱ ወጥቶ ነበር። በባዶው 28.4 በመቶ። ከትምህርቱ በኋላ በተሰጠው ፈተናም ባዶው ክፍል ውስጥ የተሻለ ሠርተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በክፍል ትምህርት ላይ ነው፣ ግን የቤት ሥራውን አልጋው ጫፍ ላይ ለሚሠራ ልጅም ምክሩ ይሠራል።

ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ነገር ይውረድ፣ አንድ ነገር ይውጣ። ልጁ ለሳምንት ያልነካውን አውርዱትና ሳጥን ውስጥ አቆዩት፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲወጣ እንደ አዲስ ይይዘዋል። ቀኑን የሚያዞርበት ሰንጠረዥና ጥቁር ሰሌዳው ግን አይነኩ። የቤት ሥራ ጠረጴዛ ካለ ከፊቱ ያለው ግድግዳ ባዶ ይሁን፣ ሰሌዳው ከጀርባው ወይም ከጎኑ ይሁን።

ውጭ አገር ላላችሁ

አሜሪካ ያሉ አፓርታማዎች ግድግዳ ብዙ ጊዜ ጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ ብሎኑ ከቦርዱ ጀርባ ያለውን የእንጨት ቋሚ ካላገኘ ሰሌዳ አይሸከምም። ቀለል ያሉ ነገሮችን ሳይላጥ በሚነቀል ማጣበቂያ ስቀሉ፣ ለአከራዩ ያስያዛችሁት ገንዘብ ይተርፋል። ለፊደሉ ሁለት ምክር አለኝ። እንግሊዝኛውና አማርኛው በአንድ ረድፍ አይደባለቁ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ረድፍ ይኑረው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ በአማርኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ላይ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ለጥፉ፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነብ ልጅ "ሰላም"ን "ምላሰ" ብሎ ሊጀምር ይችላል።

ጽዳት

ጥቁር ሰሌዳውን ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ በደረቅ ዳስተር ሲጠረግ ብናኙ አልጋው ላይ ያርፋል። ካርዶቹ ሲቆሽሹ ወረቀቱን ብቻ ቀይሩ፣ ካርቶኑ ያገለግላል። ልጁ ከተፈቀደለት ቦታ ወጥቶ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ላይ በክሬዮን ከሳለ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ላይ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ በቀስታ እሹት። መጀመሪያ ከአልጋው ጀርባ በማይታይ ቦታ ሞክሩት፤ ርካሽ ውሃ ቀለም ከክሬዮኑ ጋር አብሮ ሊለቅ ይችላል።